ድምጿ የተዘጋባት መምህርት

ተማሪዎቿ በሌለችበት «ማይክራፎን» ይሏታል። የጂኦግራፊ መምህርቷ ስታስተምር ከአጥሩ ውጭ የሚያልፍ ሰው ሳይቀር ይማራል። ያ ጉሮሮ ግን አንድ ቀን አሻፈረኝ አለ። ሐኪሙ መረመራትና «ሁለት ሳምንት ትንፍሽ እንዳይሉ፤ በሹክሹክታም ቢሆን» አላት።

ፈተና ስለደረሰ መቅረት አልሆነላትም። ተማሪዎቿን ወደ ኮምፒውተር ክፍል ወሰደችና ሁሉም በአንዴ የሚጽፉበት የጋራ ገጽ በኢንተርኔት ከፈተችላቸው። አናቱ ላይ የውይይቱን ጥያቄ ጻፈች፦ «ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ያለው ወንዝ ለምን ሸተተ?»

መጀመሪያ ጉድ ፈላ። አንዱ የሌላውን ያጠፋል፣ ሌላዋ ገጹን በሳቅ ምልክት ትሞላለች። «ቲቸር፣ የጻፍኩትን አጠፋብኝ!» መምህርቷ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ትዝ ሲላት መልሳ ገጠመችው። ይሄኔ የክፍሉ አለቃ ጻፈች፦ «የሰው ጽሑፍ አይነካም። ያልተስማማ ከሥሩ ይጻፍ።» ነገሩ ረገብ አለ።

«ወንዙ ዳር ያለው ፋብሪካ ነው» ብለው ጻፉ አብዛኞቹ። መምህርቷም ድምፅ ቢኖራት ይህንኑ ተናግራ ውይይቱን ትዘጋው ነበር። ድንገት ከታች አዲስ መስመር ብቅ አለ። የጻፈችው ሁልጊዜ አንገቷን ስለምትደፋ «ሙሽሪት» የሚሏት ልጅ ናት።

«ፋብሪካው ከእኛ ሰፈር በታች ነው። ሽታው ግን እኛ ጋ ይጀምራል። የኛ ሽንት ቤት ወደ ወንዙ ነው የሚፈሰው።»

መምህርቷ በልጅቷ ሊስቁባት ነው ብላ ሰጋች። ከሥሩ ግን «የእኛም» ተብሎ ተጻፈ። ቀጥሎ፦ «የኛማ ይብሳል!» ከዚያ ማን ያቆመዋል? የሽንት ቤት ጉድጓድ የት ይቆፈር፣ ለማን አቤት ይባል፣ ገጹ ሞልቶ ፈሰሰ።

እራት ላይ ባሏ ከስልኳ አነበበው። «ሳትናገሪ ነው ይሄን ሁሉ ያስተማርሽው? እንዲያውም ሐኪሙ ሁለት ወር ቢያደርግልሽ ኖሮ!» አላት። በማንኪያ ክንዱን ነካ አደረገችው፤ ሳቋን ግን መደበቅ አቃታት።

ድምጿ ሲመለስ ክፍሉ በጭብጨባ ተቀበላት። አዲስ ጥያቄ ጠየቀች። መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ዋጠችውና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዝምታው እየረዘመ ሲሄድ፣ ከመስኮቱ ሥር ተናግሮ የማያውቅ ተማሪ እጁን በፍርሃት አወጣ።

«ቲቸር፣ ልሳሳት እችላለሁ…»

«ተሳሳታ፣ ምን ቸገረን!» አለችው።