የአቶ በላቸው ዋስ

ደብረ ማርቆስ፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊው አቶ በላቸው ቤት በሞግዚትነት ስቀጠር፣ እንደ ወጉ አጎቴ ከሉማሜ መጥቶ ዋስ ሆነኝ። አቶ በላቸው ውሉን እንደ አዋጅ ጮኸው አነበቡት፤ እሑድ ዕረፍቴ ነው፣ ብታመም ያሳክሙኛል።

«በይ ፈርሚ» አሉኝ።

«የእርስዎ ዋስ የታለ?»

አጎቴ በድንጋጤ ጎሸመኝ። እሳቸውም ዓይናቸው ፈጠጠ። «የእኔ?»

«እኔ ብጠፋ አጎቴ ይያዛል። እርስዎ ቃልዎን ቢያጥፉ ማን ሊያዝልኝ ነው?»

ባለቤታቸው ወይዘሮ የብርጓል በሳቅ ፈነዱ። ያዘሉትን ልጅ አውርደው፣ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክተው ወረቀቱ ላይ አሳረፉት።

«ይኸው ዋስሽ!»

ዋሴ ወዲያው ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ። ሁሉም ሲስቁ፣ እኔ ልጁን ነጥቄ ከንፈሩን ማጠብ ያዝኩ።

ውሉ ሳይፈረም ሥራ ጀመርኩ።