ለነኽላዋ የቆመች ዋስ

በኢራቅ፣ ከባስራ በታች በአቡል ኸሲብ፣ ዓመታት ሳታፈራ የቆየች የቴምር ዛፍ በመጥረቢያ ያስፈራሯታል። አንዱ ሊቆርጣት ይነሳል፣ ሌላው ዋስ ሆኖ ይለምንላታል። ዛፏም ሰምታ በዓመቱ ታፈራለች ይባላል።

ዘንድሮ ግን አጎት መህዲ መጥረቢያውን ከምራቸው ስለው መጡ። ዋስ ሆና የቆመችው የወንድማቸው ልጅ ረባብ ነበረች። የአረብኛን ቃላት ምንጭ ከመዝገበ ቃላት ብቻዋን ያጠናች፣ ማንም እንዲያርማት የማትወድ ልጅ ናት። ዛፏን የተከሉት ሟች አባቷ ናቸው።

«ነኽል ስንል ብዙውን የቴምር ዛፍ ነው። ነኽላ ግን አንዲቷ ብቻ ናት፣ እንደ ሴት ነው የምትጠራው። አጎቴ፣ ሴት ላይ መጥረቢያ ያነሳሉ?»

«ለምኚላት አልኩ እንጂ አስተምሪኝ አልኩሽ? በይ እንግዲህ አንቺ አዋቂ፣ ስሟ ከየት መጣ?»

ረባብ አፏን ከፈተች። ዱቄት ነፍቶ ምርጡን መለየት ከሚለው ቃል የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ አይደለም የሚሉም አሉ። አንዱን በድፍረት ብትናገር አጎቷ አያውቁባትም ነበር። ዋስ የሆነ ሰው ከዋሸ ግን ልመናው አይሰምርም።

«አላውቅም» አለች፣ ጆሮዋ እየጋለ።

አጎት መህዲ መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ከተወለድሽ ጀምሮ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህችን ‹አላውቅም› የምትል ቃል ስጠብቅ ኖሬአለሁ። ይህ ካንቺ አፍ ከወጣ ከዛፏም ቴምር መውጣቱ አይቀርም። አንድ ዓመት ሰጥቻታለሁ።»