ቀላል አፈር ግድብ አይሆንም

ባለቤቴ ማቴዎስ የተቀበረ ዕለት ለቀስተኛው ሁሉ «አፈሩን ያቅልልለት» ሲለኝ ሳቄ መጣ። ነጠላዬን አፌ ላይ ባልይዝ ኖሮ ጉድ ፈልቶ ነበር። ማቴዎስ ዕድሜ ልኩን የተጣላው ከቀላል አፈር ጋር ነዋ! የተጋባነውም በእሱው ሰበብ ነው።

ጊዜው ደርግ ነው፤ ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት። ከአዋሳ ወጣ ብሎ ባለ የመንግሥት ድንጋይ ማውጫ አባቴ ገብረየስ ፎርማን ነበር፤ እኔ እዚያው ለሠራተኞቹ ሻይ አፈላ ነበር። ዝናብ በጣለ ቁጥር ከማውጫው የሚወርደው ድፍርስ ውሃ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። የአሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪዎች «መረባችን ጭቃ ያዘ» ብለው አቤት አሉ። ስለዚህ ጭቃው የሚዘቅጥባቸው ትንንሽ ኩሬዎች እንዲቆፈሩ፣ ዙሪያቸውም በአፈር እንዲገደብ ታዘዘ። አባቴ ክረምት ሳይገባ ሊጨርስ በስብሰባ ላይ ቃል ገባ፤ እዚያው አጠገብ ካለው ዱቄት የመሰለ ግራጫ አፈርም ትልቅ ክምር አስከመረ።

አፈሩን እንዲመረምር የተላከው ማቴዎስ ነው። ሻይ ሲያዝ አንድ፣ ባዶ ብርጭቆ ሲለምነኝ ሦስት። ብርጭቆዎቹን ውሃ ሞልቶ ጓል አፈር ይጥልባቸውና አፍጥጦ ያያል። ደግሞ ቆንጥሮ ጥርሱ ላይ ያደርጋል።

«ምነው፣ ምሳ የለህም?» አልኩት።

«ደቃቅ አሸዋ ዓይን ያታልላል፤ ጥርስን ግን አይችልም።»

«ጉድ እኮ ነው! ሰው የሚሰደብበትን ትበላለህ?»

እንዲህ ስንባባል ተዋደድን። እሑድ ሽማግሌ ሊልክ ተስማማን። እናቴ በሕይወት የለችም፤ አባቴ እንቢ ካለ አለቀ።

ዓርብ ዕለት ማቴዎስ ብርጭቆዎቹን አይቶ ፊቱ ጠቆረ። የአባቴ አፈር ውሃው ውስጥ እንደ ስኳር ሟሙቷል። ማቴዎስ ከማውጫው ማዶ ካለው የከብቶች መዋያ ያመጣው ቀይ ጓል ግን እንዳለ ተቀምጧል።

«በዚህ ከተሠራ የመጀመሪያው ዝናብ ይወስደዋል» አለ።

«በሞቴ፣ ከሽማግሌዎቹ በኋላ ንገረው!»

«ነገ ጠዋት መደልደል ሊጀምሩ ነው እኮ። አማቼን ጎርፍ ሲያዋርደው ቆሜ ልይ?»

«መጀመሪያ አማች ይሁንልህ!»

አልሰማኝም። ማንቆርቆሪያዬን ይዤ ተከተልኩት። አባቴ ክምሩ ሥር ቆሟል፤ ሾፌሩ ግዛቸው ገልባጭ መኪናው ውስጥ ሆኖ ያያል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ማቴዎስ። «ይህ አፈር ቀላል ነው፤ ውሃ አይችልም። ቀላል አፈር ግድብ አይሆንም።»

«ጋሼ ገብሬ፣ ክምርዎ ቀለለ አሉ!» አለ ግዛቸው በመስኮቱ።

የአባቴ አንገት ሥር ተገተረ። «አፈር ብላ!» ብሎ ማቴዎስ ላይ ጮኸ።

ማቴዎስ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በትሕትና፣ «በልቻለሁ፣ ጋሼ። ያልተለቀመ ምስር ነው የሚመስለው» አለ።

ግዛቸው መሪው ላይ ተደፋ፤ ጥሩምባው ጮኸ። እሑዴ አበቃላት ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ አባቴ ጎንበስ ብሎ ከክምሩ ቆንጥሯል። አፉ ውስጥ ጨመረ፣ አላመጠ፣ ተፋ።

«ቀዩስ?»

ማቴዎስ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። አባቴ ቀመሰው፤ የቀረውን አርጥቦ መዳፉ ላይ ሲያሸው እንደ ፈትል ተሳበ።

«ግዛቸው!»

«አቤት፣ ጋሼ!»

«ጥርስህን ሰብስብና መኪናውን አስነሳ። ወደ ከብቶቹ መዋያ ነው።» ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ደግሞ ምን ትገተሪያለሽ? ውሃ አምጪልን እንጂ!»

ሁለቱም ከእኔ ማንቆርቆሪያ ተጉመጠመጡ። አባቴ «ልን» ማለቱን ልብ ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ደንቡ «ዘመድ ላማክርና ተመለሱ» ማለት ነው። አባቴ ግን ገና ቆመው ሳሉ፣ «አፈር ብላ ስለው በልቶ የጠበቀኝ ሰው ነው፤ ምን አማክራለሁ? ተቀመጡ!» አለ።

ክረምቱ ሲገባ ድፍርሱ ውሃ በአንድ በኩል ኩሬው ገብቶ በሌላው ጠርቶ ወጣ። አባቴ ግድቡ ላይ ወጥቶ ዝናቡ እየደበደበው በእግሩ ይረግጠዋል፤ «ና፣ አንተ አፈር በላ፣ እየው!» እያለ ማቴዎስን ይጣራል። ያ ስም በዚያው ጸንቶ ቀረ።

አፈሩን ያቅልልለት ያላችሁኝ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ማቴዎስ ቢሰማችሁ ግን ይከራከራችሁ ነበር።