የማቀዝቀዣው ቁልፍ

«እግዚአብሔር ያጽናሽ። ቁልፉ አንቺ ዘንድ ነው አሉኝ» አሉ ፕሮፌሰር ፈለቀ፣ ሁለቱን ነገር ትንፋሽ ሳይወስዱ አያይዘው።

ብዙወርቅ ቀና ብላ አየቻቸው። የወንድሟ የዶክተር ወንድይፍራው ሠልስት ነው፤ ድንኳኑ በጅንካ ሰው ጢም ብሏል። እኚህ ሰውዬ ግን ከአዲስ አበባ ድረስ መጥተው፣ ፍራሿ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብለው፣ ዓይናቸው የጓዳውን በር ይቃኛል። ቅፍፍ አሏት።

ጓዳ ያለው ማቀዝቀዣ የሐመር ልጆችን ደም ይዟል። ወንድይፍራው ከሕክምና መምህርነቱ ጎን ለጎን አዲስ የወባ መድኃኒት ሊሞክር ቱርሚ የወረደ ጊዜ፣ ደም ለሰጡት ልጆች አባቶች ቃል ገብቶ ነበር። «ደሙ ለዚህ መድኃኒት ብቻ ነው። ለሌላ ከተፈለገ መጥቼ፣ አብሬአችሁ ቁጭ ብዬ እጠይቃለሁ» አላቸው። በኋላ አለቃው ፕሮፌሰር ፈለቀ ለሌላ ጥናት ደሙን ውጭ አገር ላክ አሉት። «መጀመሪያ ልጠይቃቸው» ቢል ሳቁበት።

«አንተ ከከብት አርቢ ጋር ስትማከር ሌላው ቀድሞን ያሳትማል።»

እምቢ አለ። ምርምሩም ማስተማሩም ቀረበትና ደሙን ይዞ ጅንካ ተመልሶ ትንሽ ክሊኒክ ከፈተ። መብራት በጠፋ ቁጥር ለማቀዝቀዣው ጄኔሬተር የምታስነሳው ብዙወርቅ ነበረች። አስከሬኑ ቤት እያለ እንኳ አስነስታለች።

«የወንድምሽን ስም የጥናቱ ጽሑፍ ላይ እናሰፍረዋለን፤ መታሰቢያ ይሆነዋል» አሉ ፕሮፌሰሩ በሹክሹክታ። «መኪናው በረዶ ጭኖ ውጭ ቆሟል።»

በረዶ ጭነው ነው ለካ ለቅሶ የመጡት።

«ሲታመም የት ነበሩ?» አለቻቸው።

«ሥራ ነዋ፣ እህቴ።»

ይሄኔ ሻንቆ ገባ። ደማቸው ከተወሰደው ልጆች የሁለቱ አባት ነው፤ ከቱርሚ በጭነት መኪና መድረሱ ነበር። ትንሿን የእንጨት መቀመጫውን አጠገቧ አስቀምጦ ተቀመጠባት።

«እኛ ጋ ልጅ ሲሞት፣ ዶክተር እንዲህ ይቀመጥ ነበር» አላት።

ብዙወርቅ በአገጯ ወደ ፕሮፌሰሩ አመለከተችው። «ሻንቆ፣ እኚህ ሰውዬ የልጆቹን ደም ሊወስዱ ነው። ጠይቀዋችኋል?»

ሻንቆ ፕሮፌሰሩን አያቸው። «አልጠየቀም። እኔ እሱን አላውቅም።»

«እሱን በኋላ እናስረዳዋለን» አሉና ፕሮፌሰሩ መዳፋቸውን ለቁልፉ ዘረጉ።

ብዙወርቅ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን ቁልፍ በነጠላዋ ሸፈነችው። ከሰፌዱ ንፍሮ ዘግና፣ ለቅሶ ለደረሰ ሁሉ እንደሚደረገው፣ የተዘረጋው መዳፍ ላይ አደረገችላቸው። ቀጥላ ለሻንቆ ስትዘግንለት ግን ንፍሮው ከእጇ አምልጦ ፍራሹ ላይ ፈሰሰ። ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ ትለቅመው ጀመር።