የሊሙው ቅጠል

ሸዋረገጥ ቅጠል መፍጨት ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆናት። የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ሲባል ለሰው የሚታየው ነጭ ጋውንና የሚያብረቀርቅ ዕቃ ነው፤ የእሷ ሥራ ግን ከወፍጮ ቤት የሚለየው ዱቄቱ ስለማይበላ ብቻ ነው። በጥላ ታደርቃለች፣ ትፈጫለች፣ በአልኮል ትዘፈዝፋለች፣ ታጠልላለች። የቀረውን ጥቁር ዝልግልግ ነገር በብልቃጥ አሽጋ አዲስ አበባ ትልካለች። እዚያ የጡት ካንሰር ሴል በብርጭቆ ሳህን ያረባሉ፤ የላከችውን ያፈሱበትና የሞተውን ይቆጥራሉ። ሠላሳ አንድ ዓይነት ቅጠል ልካ፣ ሠላሳ አንድ ጊዜ "ውጤት አላሳየም" የሚል ወረቀት መጥቶላታል። ወገቧ ሞተ እንጂ ሴሉስ አልሞተም።

ሠላሳ ሁለተኛው ከሊሙ ገነት የመጣ ነበር። አባቦራ የሚባሉ ስመ ጥር መድኃኒተኛ ለጡት እብጠት የሚሰጡት ቅጠል ነው፤ ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ አድርቀው፣ ወቅጠው በጆንያ ላኩት። በ2001 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ወረቀቱ መጣ። ከመቶው ሴል ሰማንያ ስምንቱ ሞቷል ይላል።

የዚያን ዕለት ከሥራ ወጥታ፣ ጅማ መንደራ ቆጪ ሰፈር ከባጃጅ እንደወረደች ጎረቤቷን ለጢፋን ደጇ ላይ ስትሰፋ አገኘቻት። ለጢፋ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት። ግራ ጡቷ ውስጥ የሽምብራ ፍሬ የምታህል እብጠት ተገኝታባት፣ ካንሰር ነው ተብላ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጡቷ እንዲቆረጥ ቀጠሮ ተሰጥቷታል። ፊቷ ከስቷል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ ሸዋረገጥ አመለጣት።

"ያ የሊሙው ቅጠል'ኮ ገደለው፣ ለጢ።"

"ምኑን?"

"ካንሰሩን።"

በብርጭቆ ሳህን ላይማ በረኪናም ይገድላል። ይህን ከሸዋረገጥ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ለማንም የምትነግረው ደህና ወሬ አልነበራትም፤ የጎረቤቷን ፊት ማየትም ከብዷት ነበር። ለጢፋ የስፌት መኪናዋን ፔዳል አቁማ "አልሐምዱሊላህ" አለች።

በቀጠሮዋ ቀን ለጢፋ ሆስፒታል አልሄደችም። የሊሙን አውቶቡስ ተሳፈረች። ሸዋረገጥ የሰማችው በሳምንቱ ነው።

"በብርጭቆ ሳህን ላይ ነው'ኮ የገደለው፣ በሰው አልተሞከረም" አለቻት።

"ቶሌ፣ እሺ፣ እስኪ ትንሽ ልየው።"

ሁለቴ ነገረቻት፤ ሦስተኛ አልደገመችም። ደክሟት ነው እንበል። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ሆዷ ውስጥ "ማን ያውቃል" የምትል ነገር ተቀምጣ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሁለተኛው ጆንያ መጣ፤ እንደ ፊተኛው ፈጭታ፣ ዘፍዝፋ ላከች። በመስከረም መጨረሻ የመጣው ወረቀት "ውጤት አላሳየም" ይላል። አለቃዋ ዶክተር ዘላለም መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

"አበላሽተሽው ይሆናል" አለ፤ ቁጣ እንኳ አልነበረበትም።

በማግስቱ ሊሙ ገነት ወረደች። አባቦራ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

"አባ፣ ሁለተኛው ጆንያ ከመጀመሪያው ይለያል?"

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ከወዲያ ወዲህ አዟዟሩ።

"ማሎ ልጄ፣ እባክሽ አትቀየሚኝ። መድኃኒት ለማያውቁት ሰው ራቁቱን አይሰጥም፤ ሌላ ቅጠል ተወቅጦ ይቀላቀልበታል። ካልሆነ ነገውኑ ገበያ ይወጣል። አባቴም እንዲህ ነው ያስተማረኝ። ኋላ ስትመላለሺ አየሁሽ፣ ሰው ነሽ፣ አፈርኩ። በሁለተኛው ንጹሑን ላክሁልሽ።"

"በመጀመሪያው የቀላቀሉት ምን ነበር?"

ተነሥተው ከጓሮ አጥር ሥር የበቀለ ወተታም ቁጥቋጦ አሳዩዋት።

"እጅሽን እንዳታስጠጊ። ይህን የቀመሰች ፍየል አታድርም። እናንተ እንደማትጠጡት ስለማውቅ ነው እንጂ ለሰው አልሰጥም።"

"የጅማዋ ልብስ ሰፊ፣ ለጢፋስ? ለእሷ ምን ይሰጧታል?"

"ለእሷማ ንጹሑን ነው" አሉ፤ ጥያቄው ቅር አሰኝቷቸዋል። "በሰው ነፍስ እቀልዳለሁ እንዴ?"

ሸዋረገጥ አጥሩ ሥር ቁጭ አለች። ሴሉን የገደለው መርዙ ነው። ለጢፋ አራት ወር ሙሉ ስትጠጣ የከረመችው ደግሞ ምንም የማያደርገውን ነው። ማንን ትቆጣ? ሽማግሌው የሚያውቁትን ወግ ነው የጠበቁት። የማታውቀውን ያወራችው እሷ ናት።

ጅማ ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ቤቷ እንኳ ሳትገባ ለጢፋ ዘንድ ሄዳ፣ ከስፌት መኪናው ጎን ተቀምጣ አንድም ሳታስቀር ነገረቻት። ለጢፋ አላለቀሰችም። በሩን ገርበብ አድርጋ የቀሚሷን ቁልፍ ፈታች፣ የሸዋረገጥን እጅ ይዛ ጡቷ ላይ አኖረችው። ሽምብራዋ ሎሚ አክላለች። ብብቷ ሥር ሌላ አለ፣ ጠጣርና የማይነቃነቅ። ሸዋረገጥ ሦስት ዓመት ስትፈጭለት የኖረችውን ነገር በእጇ ስትነካው የመጀመሪያዋ ነበር።

"ይቅር በይኝ፣ ለጢ።"

"ቅጠሉን አምኜ መስሎሽ?" አለች ለጢፋ። "ቢላዋውን ፈርቼ ነው። ቆይ የሚለኝ ሰው ፈልጌ ነበር። አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ አንቺ ስትነግሪኝ ሌላ ሰው አልጠየቅሁም።"

ለጢፋ ቁልፎቿን አንድ በአንድ ቆለፈች።

"ነገ በጠዋት አብረን እንሄዳለን" አለች ሸዋረገጥ።

"ኢንሻአላህ። አሁንም ይቆረጣል ይሉኛል? ወይስ አልፏል?"

"አላውቅም" አለች።

በግንቦት ይህንኑ ብላት ኖሮ፣ ለጢፋ ከቀጠሮዋ አትቀርም ነበር።