የጓድ ገብረ መድኅን ጉሮሮ

…እና ምላሱ እጇ ውስጥ ነው፣ በጎዝ ጨርቅ ጠቅልላ ወደ ፊት ሳብ አድርጋ ይዛዋለች፣ ሙቅ፣ የሚያዳልጥ፣ ከጣቶቿ ለማምለጥ የሚፍጨረጨር ሥጋ፣ የማንም ሰው ምላስ እንዲህ ነው፣ የጨው ነጋዴውም የባቡር ነጂውም፣ ዝም ብለሽ ሥሪ የሺአረግ፣ የማን እንደሆነ አታስቢ። ትንሿን መስታወት የአልኮል መብራቱ ላይ ታሞቃለች፣ ትንፋሹ ጉም እንዳያለብሳት፣ መልሳ በገዛ እጇ ጀርባ ትሞክራታለች፣ እንዳታቃጥለው፣ ታቃጥለው እንጂ ምን አለበት፣ አይ። አይሆንም። በአፍዎ ይተንፍሱ ጓድ፣ አሁን ኢ ይበሉ፣ ረዘም አድርገው።

ኢ ይላል። እንደሚቀደድ ሸራ።

ይኼው ድምፅ ነበር እኮ፣ በሰባ ዓመተ ምሕረት ከቀበሌው ድምፅ ማጉያ እየወጣ የከዚራን ሰፈር ከዳር እስከ ዳር የሚያዳርሰው፣ ያኔ ጥርት ያለ ነበር፣ የሚታሰሩትን ስም ሲጠራ አንዷን ፊደል እንኳ አይውጣትም፣ ሣህሉ ብሎ ወንድሟን ሲጠራ እናቷ ቧንቧው ሥር ልብስ እያጠበች ነበር፣ ቀና እንኳ አላለችም፣ ማጠቡን ቀጠለች፣ ያንኑ አንድ ሸሚዝ። አሁን ጓድ ገብረ መድኅን የከተማው የፖለቲካ ኃላፊ ነው፣ እሷ ደግሞ የከተማው ብቸኛ የአንገት በላይ ሐኪም፣ ሰው ሁሉ ጫቱን ይዞ ጥላ ሥር በሚቀመጥበት በዚህ የቀትር ሙቀት በጓሮ በር የመጣውም ለዚሁ ነው፣ ማንም ሳያየው።

አንተ ሰውዬ፣ እጅህን አውርድ፣ ዶክተሯን አትንካት አቦ! ይህቺ ሲስተር ፋዱማ ናት፣ ከኋላ ጭንቅላቱን ደግፋ የያዘችው፣ ድሬ ተወልዳ ድሬ ያደገች፣ አንቱ የሚባል ነገር አፏ ላይ አልፈጠረባትም፣ ሰውየውን ከተማው ሁሉ ሲያየው መንገድ ይቀይራል፣ እሷ አንተ ትለዋለች፣ እሱም እጁን ያወርዳል።

ብርሃኑ ይገባል። ግንባሯ ላይ ካሰረችው ክብ መስታወት ወደ ትንሿ፣ ከትንሿ ወደ ታች፣ ከምላሱ ሥር፣ እዚያ ጨለማው ውስጥ ሁለቱ የድምፅ አውታሮች ይከፈታሉ ይዘጋሉ፣ ቀኙ ነጭ፣ ልሙጥ፣ የሚያምር፣ የክፉም የደግም ሰው የድምፅ አውታር ያምራል፣ ግራው ግን። ግራው ላይ ከፊት በኩል የበቀለ ነገር አለ፣ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ የሻከረ፣ ዙሪያው ቀልቶ። እንደገና ኢ ይበሉ። ይንቀሳቀሳል፣ ግራውም ይንቀሳቀሳል፣ እሰይ፣ ሥር አልሰደደም ማለት ነው፣ ምን እሰይ አስባለሽ አንቺ?

ምላሱን ትለቀዋለች። ያስለዋል፣ ጎዙ ላይ ይተፋል፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፣ በዚያው በረጠበ ዓይኑ ያያታል። አንድ የሚያጠራ ነገር ስጪኝ ጓድ ዶክተር፣ መስከረም ሁለት አሥረኛው የአብዮት በዓል ነው፣ አደባባይ ላይ የምናገረው እኔ ነኝ፣ ይላል፣ ከዚያ፣ ሐሙስ በባቡር ነው አይደል የምትሄጂው? ምሥራቅ ጀርመን። ፈቃድሽን ሁሉም ፈርሟል። የቀረሁት እኔ ነኝ።

ያውቃታል ማለት ነው። ሐሙስን ያውቃል፣ ባቡሩን ያውቃል።

አንድ ዓመት ከፍተኛ ሥልጠና፣ ከመላ አገሪቱ ለአንድ ሐኪም የተሰጠ፣ በማይክሮስኮፕ ሥር የጆሮ ቀዶ ሕክምና፣ የሞተ ሰው የራስ ቅል አጥንት እየበሱ እየተለማመዱ፣ የተቀደደ የጆሮ ታምቡር መጠገን፣ ማንቁርት፣ የድምፁን ሳጥን፣ ሳያወጡ ከማንቁርት ላይ ክፉውን ብቻ ቆርጦ ማንሳት፣ ስንት ዓመት ጠበቀችው፣ ከቢዮ አዋሌ ገጠር በግመል ተጭነው ጆሯቸው እየመገለ የሚመጡትን ሕፃናት በጥጥ እየጠረገች ጠብታ እየሰጠች መልሳ ስትልክ፣ ማዳን አይደለም ይኼ፣ መጥረግ ነው፣ ስትል ለራሷ። ሣህሉም አለ። ወንድሟ ከእስር ሲመለስ የሁለቱም ጆሮው ታምቡር ተቀዶ ነበር፣ በጥፊ፣ በሁለት እጅ ባንድ ጊዜ። የመታው ገብረ መድኅን አይደለም፣ እውነቱን እንናገር፣ እሱ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ሲጋራ ያጨስ ነበር ብሏል ሣህሉ፣ በቃ ማለት ይችል ነበር፣ አላለም።

እንግዲህ ቀላል ነው፣ እንዲህ በይው። ከብዙ መናገር የመጣ እብጠት ነው ጓድ፣ ድምፅዎን ያሳርፉ፣ በእንፋሎት ይታጠኑ፣ ሲጋራ ይቀንሱ። በቃ። ይፈርማል፣ አመስግኖ ይፈርማል፣ ሐሙስ ባቡሩ ላይ ነሽ፣ ስትመለሺ እሱ የለም፣ ማን ያውቃል፣ ማንም፣ ውሸት እንኳ አይደለም፣ ስህተት ነው የሚባለው፣ ሐኪም ይሳሳታል፣ ያውም በዚህ ሙቀት፣ በዚህ መብራት። አፏን ትከፍታለች። ከብዙ፣ ትላለች። ከብዙ ምን? ይላል። ትንሿን መስታወት ሳህኑ ላይ ታስቀምጣለች።

ጥሩ አይደለም፣ ትላለች።

ፋዱማ ጨርቅ ማጠፏን ታቆማለች።

ግራው የድምፅ አውታርዎ ላይ እጢ አለ። ናሙና ሳይታይ ማንም አይምልም፣ ግን እኔ የማስበው ነቀርሳ ነው። ገና ጅምር ነው። በጊዜ ነው የመጡት፣ ነገ ዛሬ ካላሉ ይድናሉ። አዲስ አበባ ሄደው ናሙና ይወሰድ፣ ከዚያ ወደ ውጭ ይልኩዎታል፣ ለእርስዎ እምቢ አይሉም።

ውጪ፣ ይላል፣ ለፋዱማ ነው፣ ፋዱማ ደግሞ እሷን ታያለች፣ ልውጣ? ትላለች ዓይኗ፣ ውጪ ፋዱማ፣ ደኅና ነኝ። ደኅና አይደለሁም። በሩ ይዘጋል። ሰውየው ይነሳል፣ ወደ መስኮቱ ይሄዳል፣ መጋረጃውን በጣቱ ገለጥ አድርጎ መኪናውን ያያል፣ ሹፌሩ መሪው ላይ ተኝቷል።

አዲስ አበባ አልሄድም። ይኼ ከተሰማ ወንበሬ ላይ ለመቀመጥ ስንቱ ቂጡን አሹሎ እንደሚጠብቅ ታውቂያለሽ? ድምፅ የሌለው ካድሬ ምን ይሠራል? አንቺ ቅሪ። ሥልጠናው ሌላ ዓመትም አለ። እዚሁ፣ ዝም ብለሽ፣ አውጪልኝ።

ይኸው። መጣ። ስትፈራው የነበረው ነገር በተሰነጠቀ ድምፅ፣ በቀስታ፣ እንደ ውለታ ሆኖ።

የማውቀው ማንቁርቱን እንዳለ ማውጣት ነው፣ ትላለች፣ በሕይወት ይኖራሉ፣ ግን ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል አይናገሩም፣ አንገትዎ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ነው የሚተነፍሱት። ድምፁን አትርፎ በሽታውን ብቻ ማንሳት ነው እኔ ልማር የምሄደው፣ ተምሬ እስክመለስ ዓመት ነው፣ ይኼ ነገር ደግሞ ዓመት አይጠብቅም። የሚያስተምሩኝ ሰዎች ዛሬ ይችሉታል። እነሱ ጋ ይሂዱ።

ይስቃል። ሳቁ ወደ ሳል ይቀየራል። ጎበዝ፣ ይላል፣ ጎበዝ ነሽ፣ ልትሄጂ ስለፈለግሽ ነው፣ አስፈራርተሽ ልታስፈርሚኝ፣ እኔን? ስንቱን ውሸታም ያናገርኩ ሰው ነኝ እኮ።

እግዜር ያሳያችሁ፣ ውሸቱን ብነግረው ያምነኝ ነበር፣ እውነቱ ነው ውሸት የመሰለው፣ እውነቱ ለኔ ስለሚጠቅም፣ ምን ዓይነት ጉድ ነው፣ ጆሮዋ ይግላል፣ ተቆጥታለች፣ ፈርታለችም፣ የትኛው እንደሚበልጥ አታውቅም፣ ሊያስራት ይችላል፣ ሣህሉንም መልሶ፣ ለምን፣ ለምንም፣ ድሮስ ለምን ነበር? ይቀመጡ፣ ትላለች። ትእዛዝ ነው የወጣት። ለሱ! ይቀመጡ አልኩ፣ ራስዎ ያያሉ።

የመልክ ማያ መስታወት ከግድግዳው ታወርዳለች፣ ፋዱማ ሻሿን የምታስተካክልበትን፣ ይዘው ፊትዎ ፊት ያድርጉት፣ ምላስዎን ራስዎ ይያዙ፣ በጎዙ፣ እንደዚያ፣ ይጎትቱት፣ ትንሿን መስታወት ደግማ ታሞቃለች፣ ታስገባለች፣ ዝቅ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ አሁን ከፊትዎ ባለው መስታወት ውስጥ ትንሿን ይዩ፣ ታየዎት? ኢ ይበሉ። ሁለት ነጭ ነገር ይከፈታል ይዘጋል፣ አዩት? አንደኛው ንጹሕ ነው። ሌላኛውን ይዩት።

ያያል። ኢ ማለቱን ትቷል፣ ግን ያያል፣ የገዛ ምላሱን በገዛ እጁ ይዞ፣ ላቡ ከግንባሩ ወደ ቅንድቡ ይወርዳል፣ መስታወቱን ወደ ፊቱ ያቀርበዋል። ደስ ይላታል ብላ ነበር። አላላትም። እንዲያው የሆነ ሰው ነው፣ የፈራ፣ አገጩ ላይ ምራቅ ያለበት።

መስታወቱን ጭኑ ላይ ያስቀምጣል። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ለበዓሉ የሚለማመድ የማርሽ ባንድ ይሰማል፣ አንድ ከበሮ ከሌሎቹ እየቀደመ።

ሣህሉ ወንድምሽ ነው፣ ይላል። አይጠይቅም። ያውቃል፣ ሲገባም ያውቅ ነበር።

አዎ።

ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?

ለምን? እኔስ አውቃለሁ እንዴ፣ ስለ መሐላው ልበል፣ ስለ እግዚአብሔር፣ እናቴ ስላሳደገችኝ፣ ሁሉም የመጽሐፍ ንግግር ይመስላል፣ አንተን ለማዳን አይደለም፣ አንተን አልወድህም፣ እስከ ዛሬ በድምፅ ማጉያ ሥር ሳልፍ ጆሮዬን እይዛለሁ፣ ስላየሁት ነው፣ ካየሁት በኋላ እንዳላየ መሆን አቃተኝ። ስላየሁት፣ ትላለች።

ይነሳል፣ ኮፍያውን ያደርጋል፣ ይወጣል። ስለ ፊርማው አንድም ነገር አላለም።

ማክሰኞ ያልፋል፣ ረቡዕ። ወረቀቱ የለም። ፋዱማ፣ ይፈርማል ወላሂ፣ ነፍሱን ይወዳል እሱ፣ ትላለች፣ ቢቀር ምን አለ፣ ከኛ ጋር ትሆኛለሽ፣ እዚሁ ሙቀት ላይ እንጠበሳለን። ሻንጣዋን ታዘጋጃለች፣ ታፈርሳለች፣ ወፍራሙን ሹራብ ታወጣለች፣ መልሳ ትከታለች። ማታ እራት ላይ ለሣህሉ ትነግረዋለች፣ ከቀኝ ጆሮው ቀረብ ብላ ነው የምትነግረው፣ ያቺ ትንሽ ስለምትሻል፣ ገብረ መድኅን ታሟል፣ ጉሮሮው፣ ነገርኩት። ሣህሉ ያልሰማት ይመስላታል፣ ደግማ ልትል ስትል፣ ሰምቻለሁ! ይላል ጮክ ብሎ፣ እሱ ቀስ ማለት አይችልም፣ ጎረቤት ሳይቀር ይሰማዋል፣ እኔ ብሆን አልነግረውም ነበር! ጉርሻውን ይውጣል። ሌላ ይጠቀልላል። እኔ ብሆን፣ ይላል ደግሞ፣ ከዚያ ይተወዋል። ሻንጣሽ ከባድ ነው? ነገ እኔ እይዝልሻለሁ።

ለገሀር። ሐሙስ ጠዋት፣ ባቡር ጣቢያው፣ ሙቀቱ ገና ሳይነድ። ቅርጫት፣ ሳፋ፣ የታሰረ ዶሮ፣ የጅቡቲ ሰልባጅ የታቀፉ ሴቶች በሶማልኛም በኦሮምኛም ይጣላሉ፣ በአማርኛ ይታረቃሉ፣ ወረቀት ሳትይዝ ለምን መጣች፣ እንዲያው፣ ባቡሩ ሲሄድ ልታየው፣ ወይ ሰው ሊለምናት፣ ሞኝነት ነው፣ ትኬት አላት ፈቃድ የላትም፣ አዲስ አበባ ብትደርስስ ማን አውሮፕላን ላይ ያወጣታል። ሣህሉ ሻንጣውን ይዞ ይቆማል። ከዚያ ሰዉ ለሁለት ሲከፈል ታያለች፣ ሁለት ሚሊሺያ ከፊት፣ መሐላቸው እሱ፣ ካኪ አይደለም የለበሰው፣ ግራጫ ሙሉ ልብስ፣ በዚህ ሙቀት አንገቱ ላይ ፎጣ ጠምጥሟል፣ እጁን ያነሳል፣ ወደ እሷ፣ ቁሚ ነው። አለቀ። ሊያስወርዱኝ ነው፣ ገና ሳልሳፈር፣ ሣህሉ ፊት፣ ሣህሉ አንድ እርምጃ ይሄዳል፣ ወደ ኋላ አይደለም፣ ወደ ፊት፣ በእሷና በሰዎቹ መሐል ሻንጣውን አቁሞ ይቆማል፣ ተው ሣህሉ፣ ተው።

ገብረ መድኅን ወንድሟን ያየዋል። ሣህሉም ያየዋል። ዓይኑን የሚሰብረው ገብረ መድኅን ነው፣ ኪሱ ይገባል፣ የታጠፈ ወረቀት ያወጣል፣ ፈቃዷን፣ ተፈርሞ፣ ለሷ በሣህሉ ትከሻ ላይ አሳልፎ ይዘረጋላታል፣ ማኅተሙ እርጥብ ነው፣ ጣቷን ሰማያዊ ያደርገዋል። ለስብሰባ ነው የምሄደው፣ ይላል በሹክሹክታ፣ ማንም ቢጠይቅሽ፣ ለስብሰባ። ከዚያ ይወጣል፣ ባቡሩ ላይ፣ አሮጌ ሰው እንደሚወጣ እጀታውን በሁለት እጁ ይዞ።

ሣህሉ አይስማትም፣ አልለመደበትም፣ ሻንጣውን በመስኮት ያቀብላታል፣ ጻፊ! ብሎ ይጮሃል፣ ለገሀር ሁሉ ይዞራል። እጇን ታወዛውዛለች፣ የከዚራ ዛፎች ወደ ኋላ ይሄዳሉ፣ የሲሚንቶው ፋብሪካ ጢስ፣ ከዚያ እሾህና አሸዋ፣ እየሄደች ነው፣ እውነት ነው፣ መደሰት አለባት፣ ወረቀቱን ደጋግማ ትከፍታለች።

ገብረ መድኅን ከፊት ለፊቷ ነው የተቀመጠው። ሌላም ባዶ ቦታ ሳለ። ሊናገር አፉን ይከፍታል፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርጋለች፣ ድምፅዎን ያሳርፉ። ይዘጋዋል። ጥቂት ቆይቶ በእጁ አንገቱን ያሳያታል፣ ቅንድቡን ያነሳል፣ ይድናል ወይ? ነው። አዎ ብትለው ደስ ይለዋል። አላውቅም፣ ትላለች፣ ተስፋ አለው፣ የቀረውን አላውቅም። ራሱን ይነቀንቃል፣ እንደ ማንኛውም በሽተኛ።

ኤረር ጣቢያ ሳይደርሱ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ራሱ ወደ ጎን ወድቆ፣ አፉ ተከፍቶ። አትስሚው፣ ወደ ውጭ እዪ፣ ሥራሽን ጨርሰሻል፣ ከእንግዲህ የሌላ ሰው በሽተኛ ነው፣ ትሰማዋለች ግን፣ ጆሮዋ በራሱ ይሄዳል፣ ትንፋሹን ሲያስገባ ሲያስወጣ፣ አያፏጭም፣ የትንፋሹ መንገድ ክፍት ነው፣ ደኅና ነው። ነፋሱ ቀይ አቧራ ይዞ በመስኮቱ ይገባል፣ እንደ ዱቄት ጉልበቱ ላይ ይወርዳል፣ የተከፈተ አፉ ላይ፣ ያስለዋል፣ አይነቃም። የራሱ ጉዳይ። ሙቀቱ አያስችልም፣ አየር የለም፣ ለሱ ብዬ ልታፈን እንዴ፣ የራሱ ጉዳይ ነው አልኩ እኮ። ትነሳለች። በሁለት እጇ ጎትታ መስኮቱን ትዘጋዋለች፣ በንዴት፣ ጓ አድርጋ፣ ላብ እየወረዳት ተመልሳ ትቀመጣለች።