የመልካ ጀብዱን መስመር አላጠፋም

ኑርሀን የመስመር ማጥፊያ ትእዛዙን ደብዳቤ ቆማ አነበበችውና ሳትፈርም አቶ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

«የመልካ ጀብዱን መስመር አላጠፋም» አለች።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ባለው የኢንተርኔት ድርጅት ስድስት ዓመት ሠርታለች። ሆስፒታሉም ባንኩም የሚገናኙባቸውን ሁለት የፋይበር መስመሮች የምትቆጣጠረው እሷ ናት። ዋናው በአስፋልቱ ዳር ያልፋል፤ መጠባበቂያው በመልካ ጀብዱ ዞሮ ይመጣል። አንዱ ሲበጠስ ሌላው ይረከባል። ችግሩ፣ መልካ ጀብዱ ያለው የመጠባበቂያው መሣሪያ ሥራ ፈትቶም ቢሆን ቀን ከሌት መብራት ይበላል፤ በድሬ ሙቀት እሱን የሚያቀዝቅዘው ኤሲ ደግሞ ከራሱ ከመሣሪያው አይተናነስም። ዋናው መሥሪያ ቤት «የመብራት ፍጆታ ቀንሱ» ሲል፣ ሥራ አስኪያጁ አቶ ክፍሉ አቋራጩን መረጡ፤ መጠባበቂያው ጭራሽ ይጥፋ አሉ።

«ዘንድሮ አንድ ቀን እንኳ አልሠራም» አሏት።

«አምና ጎርፉ ዋናውን ሲበጥሰው ማን ሠራ? ጥገናው ሁለት ቀን ነው የፈጀው። እኔ መብራት አይቀነስ አላልኩም፤ እናስተኛው ነው የምለው።»

ይህንን ከቴክኒሻኑ ከአብዲራሺድ ጋር ሦስት ወር ለፍተውበታል። በፋይበሩ ውስጥ ብርሃን የሚልኩት የመሣሪያው ካርዶች ይጠፋሉ፤ አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ብቻ ነቅታ ትጠብቅና ዋናው ሲቋረጥ ትቀሰቅሳቸዋለች። ካርዶቹ ካልሞቁ ኤሲውም ያርፋል።

«ካልነቃስ?» አሉ አቶ ክፍሉ።

«በአሥር ሰከንድ ይነቃል።»

«ወረቀት ላይ ሁሉም ይነቃል። እስከ ነገ ካልፈረምሽ ሌላ ሰው ይፈርማል።»

ኑርሀን ከቢሮው ወጥታ ስልኳን አነሳች። ሆስፒታሉንም ባንኩንም፣ ትልልቅ ደንበኞችን አንድ በአንድ ደውላ፣ «ነገ አምስት ሰዓት ላይ ለአንድ ደቂቃ መስመር ብናቋርጥ ትታገሡናላችሁ?» ብላ ጠየቀች። ሁሉም እሺ አሏት። አቶ ክፍሉን ግን አላስፈቀደችም።

በማግስቱ አምስት ሰዓት ሲሆን ወደ መሣሪያው ክፍል ጠራቻቸው። የመጠባበቂያው ካርዶች ከጠዋት ጀምሮ ተኝተዋል፤ እጇ የዋናው ፋይበር ሶኬት ላይ ነበር።

«ምን ልታደርጊ ነው? እጅሽን አንሺ!»

ነቀለችው።

ስክሪኑ ቀላ። አብዲራሺድ ሰዓቱን እያየ ጮክ ብሎ ቆጠረ። አሥር ሞላ፤ ምንም የለም። አሥራ አምስት። ሃያ። «ያ አላህ» አለ አብዲራሺድ፤ መቁጠሩን ግን አላቆመም። ሃያ ስድስት ላይ ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ።

«አሥር ብለሽ ነበር» አሉ አቶ ክፍሉ።

«አዎ፤ በአሥራ ስድስት ሰከንድ ተሳስቻለሁ። እርስዎ ሊፈርዱብን የነበረው ግን ሁለት ቀን ነው።»

ዋናውን ፋይበር መልሳ ሰካችው። ከሰዓት በኋላ አቶ ክፍሉ ውሳኔያቸውን ላኩ፦ መጠባበቂያው ለሙከራ ለአንድ ወር ተኝቶ ይቆይ፤ ኑርሀን ሳታስፈቅድ መስመር በመንቀሏ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ይሰጣት።

መልእክቱ ስልኳ ላይ ሲደርስ እሷና አብዲራሺድ በድርጅቱ ፒክአፕ ወደ መልካ ጀብዱ እየሄዱ ነበር። ካርዶቹ ለምን እንደዘገዩ እዚያው ከፍተው ማየት ፈልገዋል።

«አቦ፣ ቢያባርሩሽስ?» አላት መሪውን እንደያዘ።

«ያባርሩኛ!» አለች ኑርሀን። «ሃያ ስድስቷን አሥር ሳላደርግ ግን ከዚህ ሥራ ንቅንቅ አልልም። በደንብ ንዳ።»